ሞተር ለተለወጠላቸው ተሽከርካሪዎች የፍሪሲዮን መልቀቂያ ኩሽኔታ ስለ መፈለግ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ተሽከርካሪ ጥገና ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ ሰፋ ያለ አርዕስት አቅርበውልኝ ነበር። እኔ ግን በመዳፍ ላይ ስለሚያርፍ አንድ ዕቃ ብቻ ለመናገር ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። ዕቃው የፍሪሲዮን መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። እሱም ቢሆን በሹካ የሚገፋው የጥንቱ ዓይነት አይደለም፤ በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ዙሪያ እንደ ቀለበት ተቀምጦ በዘይት ግፊት ራሱ ወደፊት የሚሄደው፣ ሲሊንደርና ኩሽኔታ ባንድ አካል የተሠሩበት ዓይነት ነው። ይህን ዕቃ ሞተር ወይም ካምቢዮ ለተለወጠላቸው ተሽከርካሪዎች ፈልጎ ማግኘት፣ ከተገኘም በኋላ ልኩን አውቆ መግጠም በአገራችን ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለማሳየት እሞክራለሁ።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለጉባኤ ይቀርባል ወይ የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለሚያየው በእርግጥ ትንሽ ነው። ዕቃው ቢበላሽ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከሱቅ ሱቅ መጠየቅ ነው፤ ቢጠፋም ነገ ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ለሚኖር ባለ መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕቃው ካምቢዮ ሳይወርድ አይታይም፤ ካምቢዮ ለማውረድና ለመስቀል ደግሞ ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ይደክማል። ዕቃው እስኪመጣ መኪናው ከጋራዡ ደጃፍ ላይ ሆዱ ተከፍቶ ይከርማል። የመጣው ዕቃ ልኩ ካልሆነ እንደገና ሌላ ወር ነው።

ምሳሌዬን የምወስደው ከጥሊሊ ነው። ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምቱ ይረዝማል፣ ጭቃው ይበረታል። ድንች፣ ቀርከሃና ከሰል ከገጠሩ ወደ ጎዳናው የሚወጣው ከፊሉ በፈረስ ጋሪ፣ ከፊሉ በአይሱዙ፣ ከፊሉም ዕድሜያቸው ከነጂዎቻቸው በሚበልጥ ፒክአፖችና ላንድሮቨሮች ነው። የአገው ፈረስ በጌጡና በጉግሱ የታወቀ እንደ መሆኑ፣ በጥሊሊ ጎዳና ላይ ፈረስና መኪና እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መኪናው ፍሪሲዮኑ አልለቅ ያለ ዕለት ይህ ጎረቤትነት ምን እንደሚያስከትል በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ሰዎች ለምን ሞተር ይለውጣሉ? አንዱ ምክንያት ተፈጥሮ ነው። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣል። ሙሉ ጭነት ይዞ ከቡሬ ወደ ላይ መውጣት ለእንዲህ ያለው ሞተር ጭንቅ ነው። ሌላው ምክንያት ኪስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወደ ላይ ወጣ። እንግዲህ ያለውን አካል ይዞ ሞተሩን መለወጥ ለብዙዎች የቅንጦት ሥራ ሳይሆን መኪና ይዞ የመኖር ብቸኛው ዘዴ ሆነ ማለት ነው።

እርግጥ ነገሩ አዲስ አይደለም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ቡሎን እያልን የምንጠራቸው ዕቃዎች ስማቸው ከጣሊያንኛ እንደ ተወረሰ ሁሉ፣ ከአንዱ አውልቆ ለሌላው የመግጠሙ ልማድም ከነትሬንታ ኳትሮና ከነኤንትሬ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ በተሻገረች ጊዜ የነበሩ መኪኖች መሪያቸው ባልተገባ ጎን እንደ ቀረ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ከዚያም በኋላ የቀኝ መሪ ያላቸው መኪኖች እየመጡ መሪያቸው ወደ ግራ ሲዛወር፣ የፍሪሲዮኑ የላይኛው ሲሊንደርም አብሮ መዛወሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ መካኒኮቻችን ለመለወጥ እንግዳ አይደሉም። እንግዳ የሆነባቸው በደወል መሰሉ ሽፋን ውስጥ የተደበቀው ይህ አዲስ ዓይነት ኩሽኔታ ነው።

ልዩነቱን በአጭሩ ልግለጽ። በጥንቱ አሠራር የፍሪሲዮን ፔዳል ሲረገጥ ከላይኛው ሲሊንደር የሚወጣው ዘይት ከካምቢዮው ውጭ የታሰረውን የታችኛውን ሲሊንደር ይገፋል፤ እሱ ሹካውን፣ ሹካውም ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታው የፕሬዠር ፕሌቱን ጣቶች ሲጫን ሸራው ይለቃል። በቶዮታ ሃይሉክስም ሆነ በአይሱዙ የለመድነው ይህንኑ ነው። በአዲሱ አሠራር ግን ሹካ የለም፤ የውጭ ሲሊንደርም የለም። ቀለበት መሰል ፒስተን ዘንጉን ከቦ ይቀመጣል፤ ኩሽኔታው በፒስተኑ ራስ ላይ ነው። ሳብ 900 ዓይነቱ መኪና ይህን አሠራር ቀደም ብሎ ይዞት ነበር፤ ኦፔልና ፎርድ ትራንዚትን የመሰሉ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ አስፋፉት። ለፋብሪካው ክፍሎቹ ይቀንሱለታል፣ ግፊቱም ሳይንጋደድ ቀጥ ብሎ ይሄድለታል። ለባለ ጋራዡ ግን ከውጭ በአንድ ሰዓት የሚለወጥ የነበረው ጎሚኒ ካምቢዮ የሚያስወርድ ሆነበት።

አሁን ወደ ጥሊሊው መኪና ልምጣ። መኪናው አሮጌ የቶዮታ ፒክአፕ ነው፤ የዘር ድንች ይጭናል። ሞተሩ ከሌላ የጃፓን መኪና የተነሳ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሲሆን ካምቢዮው ደግሞ ከአንድ የአውሮፓ ቫን የወጣ ነው። ሁለቱ እንዲገናኙ በመካከላቸው 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሰሌዳ ተሠርቶ ገብቷል። ካምቢዮው ከነባለ ዘይት ኩሽኔታው ነበር የመጣው። መኪናው እንደዚያ ሆኖ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ሸራው አለቀና ባለ መኪናው አዲስ ሸራ ገዝተው አስገጠሙ። መከራውም የጀመረው ያን ዕለት ነው።

አየር ለማስወጣት ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ እንደ ተረገጠ ፒስተኑ ከቤቱ ወጥቶ ዘይቱ ፈሰሰ። ኩሽኔታው አርጅቶ ነው ተባለና ሌላ ከአዲስ አበባ ተገዛ። እሱም በዚያው ቀን ወጣ። ሻጩ ተወቀሰ፤ ሦስተኛ መጣ። በዚህ መሐል መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር (ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት ይህ ጎዳና ደጋግሞ ተዘግቷል) ሦስተኛው ዕቃ ጥሊሊ እስኪደርስ የዘር ወቅቱ አለፈ። ይህኛው እንዳይወጣ ሲባል የፔዳሉ ጉዞ እንዲያጥር ተደረገ። ፒስተኑ አልወጣም፤ ፍሪሲዮኑ ግን በደንብ አልለቀቀም። ማርሽ እየጮኸ፣ ነጂው በኃይል እያስገባ ጥቂት ቀን ተነዳ። በአንድ የገበያ ቀን ጋሪና ሰው በሞላበት ጎዳና ላይ ነጂው ሊቆም ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩ ጎማውን መግፋቱን አላቋረጠም። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ይዞ፣ ሞተሩን በቁልፍ አጥፍቶ፣ ከአንድ ጋሪ ኋላ ጥቂት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሰውም ፈረስም አልተጎዳም።

መኪናውን እንዳይ በተጠራሁ ጊዜ ወጣቱ መካኒክ ሦስቱንም ኩሽኔታዎች በጨርቅ ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ ሦስቱም ፎርጅድ ናቸው፤ አንዱ እንኳ ኦሪጅናል ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር» አለኝ። ባለ መኪናው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። «ልጄ፣ እኔ ሥራውን አላውቅም» አሉኝ፤ «ግን አሮጌው ሸራ ሳለ ይሠራ ነበር። አዲስ ባላደርገው ኖሮ እስከ ዛሬም ይሠራ ነበር።» ይህን ለሁሉም ሲናገሩ ቆይተዋል፤ የሰማቸው አልነበረም። አዲስ ሸራ እንዴት ኩሽኔታ ያበላሻል? ለጆሮ እንግዳ ይመስላል። ሆኖም ምርመራው መጀመር የነበረበት ከዚሁ ከሽማግሌው ቃል ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሸራ እየሳሳ ሲሄድ የፕሬዠር ፕሌቱ ገጽ ወደ ፍላይዊሉ ይጠጋል፤ የመሐል ጣቶቹ ግን በተቃራኒው ወደ ካምቢዮው ይወጣሉ። ሸራው 2 ሚሊሜትር ቢሳሳ ጣቶቹ ሦስት እጥፍ ያህል፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣሉ። አዲስ ሸራ ሲገባ እንግዲህ ጣቶቹ 6 ሚሊሜትር ከኩሽኔታው ይርቃሉ ማለት ነው። ባለ ዘይቱ ኩሽኔታ ደግሞ በምንጭ ስለሚገፋ ሁልጊዜ ጣቶቹን ተከትሎ ይሄዳል፤ ጣቶቹ በራቁ ቁጥር ፒስተኑ ገና ፔዳል ሳይረገጥ ከቤቱ ይወጣል።

ካሊፐር ይዘን ከወጣቱ ጋር ለካን። ቁጥሮቹን ልንገራችሁ፤ እንድትጽፏቸውም እለምናለሁ። የዚህ ኩሽኔታ ጠቅላላ ጉዞ 22 ሚሊሜትር ነው። ካምቢዮው እንደ መጣ፣ ኩሽኔታው ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ሳለ፣ ከደወል መሰሉ ሽፋን አፍ እስከ ኩሽኔታው ገጽ ያለው ጥልቀት 78 ሚሊሜትር ነበር። በሞተሩ በኩል፣ አሮጌው ሸራ ሳለ፣ ከሰሌዳው ገጽ እስከ ጣቶቹ ጫፍ 72 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 6 ነው፤ ያለቀ ሸራ ይዞ እንኳ በቂ ቦታ ነበረ። መጀመሪያ የለካው ሰው ግን ሰሌዳው ሳይታሰር ከሞተሩ ገጽ ለክቶ 82 አገኘ። በዚህ ስሌት ኩሽኔታው 4 ሚሊሜትር ጣቶቹን ተጭኖ የሚቀመጥ ስለ መሰለው የኩሽኔታውን መቀመጫ በቶርኖ 6 ሚሊሜትር አስላጨው። 2 ሚሊሜትር ክፍተት ያገኘ መሰለው፤ በእውነት ያገኘው ግን 12 ነበር። አሮጌው ሸራ ሳለ 12 ላይ የቆመው ፒስተን ለማስለቀቅ 8 ሚሊሜትር ሲጨምር 20 ይደርሳል፤ ከ22 ስለማያልፍ ሠራ። አዲሱ ሸራ ሲገባ መነሻው 18 ሆነ። 18 እና 8፣ 26። ፒስተኑ ከመውጣት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ከኩሽኔታዎቹ አንዱም ፎርጅድ አልነበረም፤ ሻጩም ያለ ጥፋቱ ነበር የተወቀሰው።

ማረሚያው ቀላል ሆነ። የተላጨውን የሚመልስ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ተቀርጾ ከመቀመጫው ሥር ገባ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከእነዚህ ኩሽኔታዎች አንዳንዶቹ የካምቢዮውን ዘይት የሚያግደውን ጎሚኒ በጀርባቸው ይዘዋል፤ ቀለበት ሲጨመር ጎሚኒው ከቦታው እንዳይርቅና ዘይቱ በቀለበቱ ግራና ቀኝ እንዳያፈስ ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። በእኛ መኪና ጎሚኒው ለብቻው ስለ ነበር በቀላሉ አለፍነው።

የቀረው የፔዳሉ ነገር ነው፤ በሙያችን ውስጥ በጣም የሚዘነጋው ክፍል ይህ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ የላይኛው ሲሊንደር የሚመረጠው ከፔዳሉ ጋር ስለሚገጥም ብቻ ነው። ነገር ግን ላይኛው የሚሰጠው ዘይት ታችኛው ከሚቀበለው ጋር መመዛዘን አለበት። የላይኛው ሲሊንደር ውስጠኛ ስፋት 19.05 ሚሊሜትር ቢሆን የፒስተኑ ገጽ 285 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ 30 ሚሊሜትር ቢጓዝ 8.55 ሴንቲሜትር ኩብ ዘይት ይልካል። የኩሽኔታው ቀለበት ፒስተን ውጩ 46፣ ውስጡ 32 ሚሊሜትር ቢሆን ገጹ 858 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ኩሽኔታው 10 ሚሊሜትር ይሄዳል። በዚያው ፔዳል ላይ 15.87 ሚሊሜትሩን ሲሊንደር ብናስር ጉዞው 6.9 ብቻ ይሆንና ፍሪሲዮኑ አይለቅም። 22.22 ሚሊሜትሩን ብናስር 13.6 ይሆንና ፔዳሉ ይከብዳል፣ ጣቶቹም ከልክ በላይ ይጫናሉ። በጥሊሊው መኪና 19.05 ነበር፤ ከፔዳሉ ሥር ማቆሚያ ቡሎን አስረን የላይኛውን ጉዞ በ25 ሚሊሜትር ወሰንነው። ይህ 8.3 ሚሊሜትር ይሰጣል። መነሻው 12፣ ሲረገጥ 20.3፤ ሸራው ሲያልቅም ጣቶቹ 6 ሚሊሜትር ገፍተው ይመጣሉ፣ ሌላ 6 ይተርፋል። ሁሉም በ22 ውስጥ ነው። ሦስተኛው ኩሽኔታ ከቤቱ ስላልወጣ ጎሚኒው ደህና ነበር፤ እሱኑ ገጠምነው።

ከዚህ ተነስቼ ወደ ግዢው ልሻገር። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ይህን ዕቃ ብትጠይቁ የሻጩ የመጀመሪያ ጥያቄ «የምን መኪና ነው?» የሚል ነው። ለተለወጠ መኪና ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ አካሉ የአንዱ፣ ሞተሩ የሌላው፣ ካምቢዮው የሦስተኛው ነውና። ብዙ ሰው የአካሉን ስም ይናገርና ፈጽሞ የማይገናኝ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። ማወቅ ያለብን ኩሽኔታው ሁለት ጌቶች እንዳሉት ነው። መቀመጫውና የቡሎን ቀዳዳዎቹ የሚወሰኑት በካምቢዮው ነው፤ የሚገፋው ገጽ ስፋትና ቅርጽ የሚወሰነው በፕሬዠር ፕሌቱ ጣቶች ነው። አካሉ በነገሩ ውስጥ የለበትም። ጣቶቹ ጫፋቸው የተቆለመመ ከሆነ ገጹ ጠፍጣፋ ኩሽኔታ ይፈልጋሉ፤ ጣቶቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ገጹ የጎበጠ ይፈልጋሉ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ጣቶቹን ሲፍቅ ይኖራል።

ስለዚህ ወደ ገበያ የሚላክ ሰው የመኪና ስም ሳይሆን ልክ የተጻፈበት ወረቀትና፣ ከተቻለ፣ አሮጌውን ዕቃ ራሱን ይዞ ይሂድ። በአሮጌው ዕቃ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከማንኛውም ካርቶን ይበልጥ የታመነ ነው። ሉክ፣ ዛክስና ቫሌዮ የመሰሉ ፋብሪካዎች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የአንዱን ቁጥር ይዞ የሌላውን አቻ ማግኘት ይቻላል። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያ የለም አልልም፤ ኤስኬኤፍና ኤንኤስኬ የሚል የተጻፈበት ሁሉ የእነሱ እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን ሳይለኩ ገጥሞ ሲበላሽ ፎርጅድ ነው ማለት ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖብናል።

ይህ ዕቃ የጋራ ልክ የሌለው መሆኑ ያሳዝነኛል። በፍላይዊሉ እምብርት ላይ የካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ የሚይዘውን ትንሹን ኩሽኔታ እንውሰድ። 6203 ከተባለ ስዊድን ይሠራ ጃፓን፣ ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ ባሕር ዳርም ሆነ እንጅባራ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሁሉ ያውቀዋል። ዘንጉ ቢቀጥን 6202 ወይም 6201 አለ። መልቀቂያው ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ወደደ የሠራው ነው። ይህ እጥረት አንዳንድ ጋራዦችን ወደ መጥፎ ዘዴ መርቷቸዋል፦ ያለቀውን የመልቀቂያ ኩሽኔታ አውጥቶ ልኩ የተቀራረበ ተራ ኩሽኔታ መጠቅጠቅ። ተራው ኩሽኔታ የተሠራው በዋናነት ከጎን ለሚመጣ ሸክም ነው፤ የመልቀቂያው ሸክም ግን በዘንጉ አቅጣጫ ነው። ለጥቂት ጊዜ ይሄዳል፤ ከዚያ ኳሶቹ ይበተናሉ።

ያገለገለ ዕቃ ስለ መግዛትም ተጠይቄአለሁ። ካምቢዮ፣ ሹካ፣ የላይኛው ሲሊንደር እንኳ ሳይቀር ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ከሻርጃ የሚመጣውም ሆነ ምናለሽ ተራ የሚገኘው አገላብጦ ለሚያይ ሰው ይገዛል። ባለ ዘይቱን መልቀቂያ ግን ያገለገለ አልገዛም፤ ማንም እንዲገዛ አልመክርም። ኩሽኔታውን በእጅ አሽከርክሮ መፍረድ ይቻላል፤ ጎሚኒውን ግን ዓይን አያየውም። ከፋብሪካው ሲወጣ የነበረበት ማሰሪያ ተፈትቶ የተንጠለጠለ ዕቃ ከሆነ አቧራ ጎሚኒው ላይ ገብቷል ማለት ነው። ከውጭ በሰው እጅ የሚያስመጣ ደግሞ ሁለት ያስመጣ። የሁለተኛው ዋጋ ካምቢዮ ወርዶ ከሚቆምበት አንድ ወር ያነሰ ነው። በንግድ የሚያስመጣም ደረሰኙ ላይ የዕቃውን ስም በትክክል ያስጽፍ፤ በጉምሩክ ታሪፍ ኩሽኔታ በ84.82፣ የተሽከርካሪ መለዋወጫ በ87.08 አንቀጽ ስለሚገኙ ግልጽ ያልሆነ ስም ክርክር ያስነሳል።

በአሜሪካ ለተለወጡና ለውድድር መኪኖች ብቻ ይህን ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ ቲልተንና ማክሊዮድ ከእነሱ መካከል ናቸው። የእነሱ ዕቃ የሚሸጠው ከመኪና ስም ይልቅ በልክ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር እየተጨመረ የሚስተካከል ቀለበት ይኖረዋል፣ በጣቶቹና በኩሽኔታው መካከልም ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት እንዲተው ያዛሉ። ሐሳቡ የሚያስቀና ነው። ዋጋው ግን በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ድንች ለሚጭን ፒክአፕ አይታሰብም። ቀለበቱን ግን እኛም ማንኛውም ቶርኖ ቤት መቅረጽ እንችላለን፤ የጥሊሊው ቀለበት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? በበኩሌ፣ ሞተር የሚለውጥ ሰው ገና ካምቢዮ ሳይገዛ ቢጠይቀኝ፣ ሹካና የውጭ ሲሊንደር ያለውን እንዲገዛ እነግረዋለሁ። ምክንያቴ የአሠራር ብልጫ አይደለም፤ ባለ ዘይቱ በአሠራር ሳይሻል አይቀርም። ምክንያቴ ጭቃው ነው። በሐምሌ ወር ጥሊሊ ላይ፣ ወለሉ አፈር በሆነ ጋራዥ ውስጥ ካምቢዮ ማውረድ ምን እንደሆነ ያየ ሰው፣ ጎሚኒው ከውጭ የሚለወጥ ዕቃ ይመርጣል። ባልደረቦቼ ከሆናችሁት አንዳንዶቹ በዚህ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፤ ያለ ሹካ የመጣን ካምቢዮ ሹካ እንዲይዝ ማድረግ ሽፋኑን መብሳትና መበየድ ስለሚጠይቅ ከልክ ያለፈ ሥራ ነው ትላላችሁ። እውነት ነው። ካምቢዮው ባለ ዘይቱን ይዞ ከመጣ እንደያዘ ይቀጥል፤ ልኩ ይለካ እንጂ ሽፋኑ አይበሳ።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር ልጨምር። የእነዚህ ኩሽኔታዎች ጎሚኒ በአብዛኛው ለፍሬን ዘይት የተሠራ ነው። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት የነካው ጎሚኒ ያብጣል፣ ፒስተኑንም ይይዘዋል፤ ፈጽሞ አይመለስም። የፍሬን ዘይትም ቢሆን እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቀት ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ መመዘኛው ወደ 140 ዝቅ ይላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ባለ ዘይቱ ኩሽኔታ በፍሪሲዮኑ ሙቀት መካከል ስለሚቀመጥ ይህ ቁጥር ከውጩ ሲሊንደር ይበልጥ ለእሱ ያሳስበዋል። በአዊ ክረምት ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ እንግዲህ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሕጋዊውን ጎን በአጭሩ ላልፈው። የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ሞተር የለወጠ ሰው ለውጡን ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አሳውቆ ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ከሚመጣው ጣጣም ይድናል። መርማሪዎች ሞተሩን ሲያዩ ፍሪሲዮኑ በሙሉ መልቀቁን አብረው ቢፈትሹ እወዳለሁ። ፈተናው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ ጥቂት ቆይቶ ወደ ኋላ ማርሽ ማስገባት ነው። ከጮኸ አልለቀቀም።

አንድ ወዳጄ ንግግሬን አንብቦ «የኤሌክትሪክ መኪና መጣ፤ እሱ ፍሪሲዮን የለውም፤ ለምን ትደክማለህ?» አለኝ። መኪናው እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ግን አዲሱ የሚገባው ለሚችለው ሰው ነው። አሮጌው ደግሞ ምትክ ስለሌለው ከቀድሞው ይበልጥ ረጅም ጊዜ ይነዳል፣ ከቀድሞውም ይበልጥ ይለወጣል። በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ብረት መቅረጽ የተማሩት ሰዎች ያፈሩት ሙያ ዛሬ በየከተማው ባለ አንድ ቶርኖ ቤቶች ውስጥ አለ። የጎደለው ቶርኖው አይደለም፤ ቶርኖው ከመሽከርከሩ በፊት የሚሞላ ወረቀት ነው። የሽፋኑ ጥልቀት፣ ሰሌዳው ታስሮ የጣቶቹ ከፍታ፣ የኩሽኔታው ጠቅላላ ጉዞና የላይኛው ሲሊንደር ስፋት የሚጻፉበት ባለ አራት መስመር ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ አባዝቻለሁ። ከአዳራሹ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ለጋራዦቻችሁ የምታደርሱትንም ቁጥር ያህል ውሰዱ።